ጋሽ በላቸው ባቡሩን ያስጠበቁ ዕለት

የድሬዳዋው ባቡር ነጂ ጋሽ በላቸው ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምነግረው እያዘንኩ ነው። ደግ ነበሩ ብዬ ብቻ ባልፍ ራሳቸው ይቆጡኛል፤ ግትርም ነበሩ። እኔ አብልጬ የምወድላቸውም ግትርነታቸውን ነው።

በወጣትነታቸው የእንፋሎት ባቡር እሳት እየቆሰቆሱ ሥራ የጀመሩት ሰው፣ ፍራንክፈርት ሲመጡ ባቡር የሚያስነዳቸው አላገኙም። ጡረታ እስኪወጡ አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ጠረጉ። ከዚያ በኋላ በማይን ወንዝ ዳር የድሮ ባቡር የሚያንቀሳቅሱ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ውስጥ ገቡ። ስንት ቅዳሜ ናስ ሲወለውሉና ዘይት ሲቀቡ አገኘኋቸው! በመጨረሻ አረንጓዴውን የመነሻ ባንዲራ ሰጧቸው። እሳቸው ካላነሱት ባቡሩ አይንቀሳቀስም። በዚህ እንዴት እንደኮሩ ያየ ያውቃል።

አንድ የበጋ እሑድ ማኅበሩ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን የሚያስታውስ ዝግጅት አደረገ። እኔም ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ፍራው ሆፍማን የሚባሉ ጀርመናዊት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር፣ እዚህ ሮልሽቱል በሚሉት፣ ይዤ ሄድኩ። የድሮ ካፖርት የለበሱ ተዋንያን ሻንጣ አንጠልጥለው ይራወጣሉ። በፕሮግራሙ መሠረት ሳይረን ሲጮኽ ባቡሩ ከፊሎቹን ጥሎ ይነሳል። ፍራው ሆፍማን ግን የመርሳት ሕመም አለባቸው፤ ሳይረኑን ሲሰሙ ጨዋታ መሆኑ ጠፋባቸው። እጄን ጨምድደው ይዘው «እኔንም ውሰዱኝ!» እያሉ ያለቅሱ ጀመር። እኔም የማደርገው ጠፋኝ።

የዕለቱ ኃላፊ ሰዓቱን እያየ «ባንዲራውን!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ በላቸው ባንዲራውን ብብታቸው ሥር ወሸቁት።

«ሰው ቀርቷል» አሉት በጀርመንኛ።

«መቅረት አለባቸው፤ ፕሮግራሙ ነው!»

«ለጨዋታም ቢሆን ሰው ጥዬ አልሄድም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ታፈጪብኛለሽ? ሮልሽቱሉን ያዢው እንጂ!» አሉ።

ፍራው ሆፍማንን ከነወንበራቸው አንስተን ፉርጎው ውስጥ አስገባናቸው። ጋሽ በላቸው ግን በዚህ መች በቃቸው። ለመቅረት የተመደቡትን ተዋንያንም «እናንተስ? ግቡ!» ብለው አዘዙ። እርስ በርስ ተያይተው ገቡ። መሳፈሪያው ባዶ ሲሆን ባንዲራው ተነሳ።

በሳምንቱ የማኅበሩ ኃላፊዎች ባንዲራውን ነጠቋቸው፤ ይቅርታ ከጠየቁ እንደሚመለስላቸውም ነገሯቸው። አልጠየቁም። አንጀቴ ስላልቻለ፣ «ጋሽ በላቸው፣ አንዲት ቃል ቢሏቸው ምን አለበት?» አልኳቸው።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ። «በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ፣ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ፣ ሰው ወደ ባቡሬ እየሮጠ ሳለ ‹ተነሳ› ተባልኩ። ታዛዥ ነበርኩ፤ ተነሳሁ። እኔ ይቅርታ የምጠይቀው እነዚያን ነው።»

እስከ ዕለተ ሞታቸው ባንዲራው አልተመለሰላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ናሳቸውን እየወለወሉ ኖሩ።

ጋሽ በላቸው፣ ሥራ ላይ «ጊዜ የለንም፣ ተያቸው» ስባል አልተውም፤ ይህን ከእርስዎ ተምሬአለሁ፤ የመጣ ይምጣ። እርስዎ ግን ድካምዎ አብቅቷልና በሰላም ይሂዱ። ያኔ እርስዎ ሳይጠብቋቸው የተነሱባቸው መንገደኞች፣ ዛሬ እነሱ ጠብቀው ይቀበሉዎት።