ጋሽ አይቀመጥና «እየደረሱ ነው» የምትለዋ ቃል

የምሥራች! ትቆያለች! ወንበሯም፣ የጆሮ ማዳመጫዋም፣ ያ እጀታው የተሰበረ ኩባያዋም እዚያው ይቆያሉ። የክፍላችን ኃላፊ ራሳቸው፣ ሁላችንም እየሰማን፣ በገዛ አፋቸው «ትቆይ» አሉ። ደስ ሲለኝ ወሬ ከጅራቱ ነው የምጀምረው፤ ይቅር በሉኝና ወደ ራሱ ልመለስ።

የምንሠራው የአምቡላንስ ጥሪ መቀበያ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ሲወድቅ፣ ሲቃጠል፣ ሲያምጥ ይደውላል። እኛ እናነሳለን፣ ቦታውን እንጠይቃለን፣ መኪና እንልካለን፣ መኪናው እስኪደርስ ደዋዩን በስልክ ይዘን እንቆያለን። ክፍሉ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ግን የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው። ስልኩ ዝም ቢል እንኳ ማናችንም አናርፍም፤ አንድ ዓይናችን ሁልጊዜ ቀዩ መብራት ላይ ነው። ቤት ስንገባም አይለቀንም። በቀደም እህቴ ስትደውልልኝ ሰላም ሳልላት «አደጋው የት ነው?» አልኳት። «አንቺ ጭንቅላት ውስጥ!» ብላ ዘጋችብኝ።

የፈረቃችንን አለቃ ጋሽ አይቀመጥ እንለዋለን። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ዕድሜውን ሙሉ አምቡላንስ ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ወደዚህ አዛወሩት። አዲስ ወንበር ሰጡት፤ ላስቲኩ እስከ ዛሬ አልተገፈፈም። ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳል፤ ኪሱ ውስጥ ቁልፉን እያንቃጨለ።

«ጋሼ፣ ኧረ ወለሉ አዘነ!» እንለዋለን።

«ወለሉም ፈረቃ ገብቷል፤ ይቻለው» ይላል።

እሱ ከመምጣቱ በፊት ከባድ ጥሪ የገጠመው ሰው እንባውን በእጅጌው ጠርጎ የሚቀጥለውን ያነሳ ነበር። ጋሽ አይቀመጥ አንድ ልማድ አመጣ። ከኋላ መጥቶ የወንበርሽን መደገፊያ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ተነሽ፣ እኔ ልያዝልሽ ማለት ነው። ማዳመጫውን ተቀብሎ ቆሞ ይመልሳል። «ደህና ነሽ?» ብሎ አይጠይቅም። አንድ ቀን ለምን እንደማይጠይቅ ስጠይቀው «እንደዚያ የተባለ ሰው ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው?» አለኝ።

አሁን ወደ ባለ ኩባያዋ። ከጎኔ የምትቀመጠውን ልጅ ሬዲዮ እንላታለን። ሁለት ጥሪ መሀል ትንሽ ክፍተት ካገኘች ስለ አማቷ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ፣ ባሏ ስለቀባው ጠማማ በር ታወራለች። ታዲያ ጥሪ ሲመጣ ድምፅዋ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ሰው ማረጋጋት የሚችል እንደሷ አላየሁም።

አንድ ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አንዲት እናት ደወሉ። ባላቸው ላይ የግቢው ግድግዳ ተንዷል። ሬዲዮ መኪና ላከች። ሴትዮዋ «እየመጡ ነው?» ባሉ ቁጥር «እየደረሱ ነው፣ እናቴ፣ እየደረሱ ነው» ትላለች። ይቺ ቃል የመመሪያችን ናት፤ በትልልቅ ፊደል ተጽፋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች፤ ሁላችንም ሳናስብ ነው የምንላት። መኪናው ግን መንገዱን ጎርፍ ቆርጦበት ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ነበር። ሴትዮዋ ቃሏን አመኑ። ደርሰዋል ብለው ባላቸውን ትተው መኪናውን ሊቀበሉ ወደ ዋናው መንገድ ሮጡ። እዚያ ቆመው ጠበቁ፣ ጠበቁ። ሲመለሱ ሰውየው ብቻቸውን አርፈዋል። ሳይዘጉት የተዉትን ስልክ አንስተው «ደርሰዋል አላልሽኝም?» አሉ። መስመሩ ተቋረጠ።

ወንበሯ ኳ ኳ ተደረገ፤ ተነሳች። ጋሽ አይቀመጥ «ቤትሽ ሂጂ፣ እረፊ» ብሎ ፈቃድ አስወጣላት። እኛም ደግ አደረገ አልን። ከፈቃዷ ስትመለስ ግን ሬዲዮዋ ተዘግታለች። አማቷ የለችም፣ ውሻው የለም፣ በሩ የለም። ሥራዋ ላይ ቅንጣት እንከን አይገኝባትም፤ ቦታውን ትጠይቃለች፣ መኪና ትልካለች። ደዋዩ «እየመጡ ነው?» ሲላት ግን ጭጭ። ሰው እዚያ ማዶ «ሄሎ! ሄሎ!» እያለ ይጮኻል፤ የተቋረጠ መስሎት ይዘጋል። አቤቱታው ኃላፊዋ ዘንድ ደረሰ። ኃላፊዋም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወር አሉ፤ ፋሻና ጓንት ታድል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ ለሷም ይሻላታል ብለው ነው።

ሬዲዮ ይህን ስትሰማ ዞር ብላ ለኔ ብቻ «ከዚህ ካነሱኝ፣ እኚያን እናት መንገድ ላይ እንዳቆምኳቸው ልቀር ነው» አለችኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

ጋሽ አይቀመጥ ያን ቀን ሲመላለስ ዋለ፣ ቁልፉ ሲንቃጨል ዋለ። በመጨረሻ መጥቶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ።

«አጠፋሁ» አላት።

«ምን አጠፋህ ጋሼ?»

«ቤትሽ ሂጂ ያልኩሽ። ሳልጠይቅሽ። ሰው ሲደክመው ማረፍ ነው የሚያስፈልገው ብዬ፤ አንቺ ደግሞ ድካም አይደለም የያዘሽ።»

«ቤት ይብሳል» አለች። «የሰው ስልክ ሁሉ ሲጮህ እሳቸው ይመስሉኛል።»

«የቱ ጋ ነው የሚይዝሽ?»

በጣቷ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ያቺ ቃል። እዚህ ስትደርስ ጉሮሮዬን ትዘጋዋለች።»

ጋሽ አይቀመጥ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አይደለም። «እኔ ያቺን ቃል በመኪና መስኮት ነው የማውቃት። በሩን ሳልከፍት 'ደርሰዋል ከተባልን ስንት ጊዜያችን!' እያሉ ኮሌታዬን ያንቁኛል። እኔ ገና መንገድ ላይ ሆኜ እናንተ እዚህ አድርሳችሁኛል! ለዓመታት ስረግማችሁ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱ ምንድነው?»

«መኪናው ወጥቷል።»

«ሌላስ?»

«የት እንደደረሰ አላውቅም።»

«ሌላስ?»

ኪሱ ውስጥ ቁልፉ መንቃጨሉን አቆመ። «እኔ እዚህ አለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«በቃ ይኼንኑ በያቸው።»

ዝም ብዬ ባዳምጥ ምን ነበረበት! «መመሪያው ላይ የለም እኮ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ኮሌታዬን ሲያንቁኝ መመሪያው የት ነበር?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊዋ ሊወስዷት መጡ። ጋሽ አይቀመጥ በሩ ላይ ተቀበላቸው፤ ቃሏን እንቀይር አላቸው።

«ሰውን ለማጽናናት የተጠና ቃል ነው» አሉ ኃላፊዋ።

«መጠናቱንስ ተጠንቷል። ማን ላይ እንደተጠና ነው ያልገባኝ። እስቲ አንድ ጥሪ ብቻ አብረዋት ያዳምጡ። ካልተዋጠልዎት እኔም አብሬያት ግምጃ ቤት እወርዳለሁ።»

«ማስፈራራትዎ ነው?»

«ኧረ የለም! እዚያ ወንበር የለም ሲባል ሰምቼ ነው።»

ኃላፊዋ ሳቃቸውን ለመዋጥ ታገሉ። ትርፍ ማዳመጫ ተሰክቶላቸው ከሬዲዮ ጎን ተቀመጡ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ስልኩ ደግሞ አልጮህ አለ! ሌላ ጊዜ ትንፋሽ የማይሰጠን ስልክ! በልቤ ጩህ፣ ጩህ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ሰው ይታመም ማለቴ እኮ አይደለም።

ጮኸ። አንድ ሰው ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤት። መጋዙ የሥራ ባልደረባውን ጭን መትቶታል፣ ደም ይፈሳል። ሬዲዮ ቦታውን ያዘች፣ መኪናውን ላከች፣ ጨርቅ አጣጥፎ ቁስሉን በሁለት እጁ እንዲጫን ነገረችው። ሰውየው ተጫነ። ከዚያ የፈራነው መጣ።

«እየመጡ ነው? እህቴ፣ ንገሪኝ፣ እየመጡ ነው?»

ኃላፊዋ ቀና ብለው አዩዋት። ጋሽ አይቀመጥ መሀል ወለል ላይ ደርቆ ቀረ።

«ሄሎ! አለሽ?»

«አለሁ» አለች ሬዲዮ። ድምፅዋ ተሰንጥቋል። «መኪናው ወጥቷል፣ ወንድሜ። መቼ እንደሚደርስ አላውቅም፣ አልዋሽህም። እኔ ግን እዚሁ ነኝ፤ ከመስመር አልወጣም። እጅህ ቁስሉ ላይ ነው?»

«ነው።»

«እንዳታነሳው። ወደ መንገድ እንዳትወጣ! በር የሚከፍት ሌላ ሰው ላክ። አንተ ተጫን።»

«ክንዴ ዛለ።»

«በክንድህ አይደለም፣ በክብደትህ ተደገፍበት። ወፍራም ነህ ቀጭን?»

«ወፍራም… ወፍራም ነኝ።»

«ተመስገን! ለዛሬ ቀን ነው የበላኸው!»

ሰውየው በእንባው መሀል ሳቀ። እኔማ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ደጋግሞ ጠየቃት፤ እሷም ደጋግማ ያንኑ መለሰችለት፤ ወጥቷል፣ አላውቅም፣ አለሁ። አንድም ጊዜ አልዘጋባትም። የባልደረባውን ጭን አልለቀቀም። በመጨረሻ የሳይረን ድምፅ፣ የሰው ኮቴ፣ ከዚያ የነርሷ ድምፅ በስልኩ ገባ፤ «ይዘነዋል፣ ልቡ ይመታል።»

ሬዲዮ ማዳመጫዋን አወለቀች። ዳነች አልላችሁም፤ ገና ብዙ ይቀራታል። ኃላፊዋ ግን የሳቸውን አላወለቁም።

«ወደ መንገድ አትውጣ ያልሽው ለምንድነው?» አሏት።

«እኚያ እናት እየደረሱ ነው ስላልኳቸው ወጥተው ነበር፤ ባላቸው ብቻቸውን አረፉ» አለች ሬዲዮ።

ኃላፊዋ አቤቱታውን እንጂ ይሄን ማንም አልነገራቸውም ነበር። ግድግዳው ላይ ያለችውን ቃል እያዩ ቆዩ። ተነስተው ወረቀቷን በጥፍራቸው ከጥጓ ጀምረው ላጧት። «ትቆይ» አሉ። «እናንተም እንደሷ በሉ። ለሁሉም ፈረቃ ይነገር፤ ከዛሬ ወዲያ ማንም ያላየውን መኪና አያድርስ።»

ጋሽ አይቀመጥ ወደ መስኮቱ ሄዶ የጎረቤቱን ግድግዳ አየ። ሬዲዮ ግን ወደኔ ዞራ «አማቴ ትናንት ምን አለችኝ መሰለሽ?» አለች። አማቷ! በሕይወቴ የማንም አማት እንደዚህ ናፍቃኝ አታውቅም! ወሬው ግን ሳይጨረስ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። የከሰዓቱ ፈረቃ ነው፤ ስለ አማቷ ነገ ትጨርስልኛለች፣ አሁን ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ወርጄ ልንገራቸው!