ከቡኒዎቹ የተፈለፈሉት

እህቴ የመጀመሪያውን እባብ ወደ ቤት ያመጣችው በምሳ ዕቃ ነው። ባዮሎጂ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሽርሽር ሄደው፣ የመዝናኛው ዘበኛ ድንጋይ ሥር ያገኘውን እባብ ሊቀጠቅጥ ዱላ አንስቶ ትደርሳለች። እባቡ ቅቤ የመሰለ ነጭ፣ ዓይኑ ቀይ ነበር።

"ዞር በይ የኔ እህት፤ ይሄ ተራ እባብ አይደለም፣ ነጭ ነው" አላት ዘበኛው።

"ነጭ መሆኑ ምን አደረገህ?"

ዘበኛው ቀና ብሎ አያት። ሰፊ ባርኔጣዋን፣ ወፍራም መነጽሯን፣ ከባርኔጣው ሥር ያፈተለከውን ቢጫ ጸጉሯን አየና ዱላውን ቀስ ብሎ አወረደ። እህቴ አልቢኖ ናት።

ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

እሷ ስትወለድ ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። እናታችንም አባታችንም ጠይሞች ናቸው። ሰፈራችን ካዛንቺስ ነውና በየሆቴሉ በየቢሮው ፈረንጅ አይጠፋም፤ እናቴ ደግሞ ያኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበረች። ወሬው ሌላ ምን ይፈልጋል? አባቴ እህቴ ዳዴ ማለት ሳትጀምር ጥሎን ወጣ። ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ እዚያው ሞተ። ከአባቴ ወገን የማይቀሩት ታላቅ እህቱ፣ አክስታችን ብቻ ነበሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣሉ። እኔን አገላብጠው ይስማሉ፤ እህቴን "ደህና ነሽ?" ይሏታል።

እናቴ ምሳ ዕቃው ውስጥ ያለውን ስታይ በሩ ጋ ቆማ ቀረች።

"ከእሱና ከእኔ ምረጪ።"

"እማዬ፣ ይሄኮ መርዝ የለውም። ሰው አይነካም።"

"ሔዋንም እንደሱ ነው የተባለችው!"

ያን ሰሞን ሁሉ ቤቱን ጠበል ስትረጭ ሰነበተች። እህቴ ግን ክዳኑን በበሳሳችው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ መኝታ ክፍሏ አምፖል ሥር አኖረችው። አዲስ አበባ ለእባብ ብርድ ናት። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ከሥራ ስገባ፣ እናቴ ሙቅ ውሃ የሞላችበትን ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላ ከሳጥኑ ጎን ስታስጠጋ ደረስኩባት። ደንገጥ አለችና መልሳ ተቆጣችኝ።

"ምን ላድርግ ታዲያ? ይሙት?"

ሌላ አገር ሰዎች እባብን እንደ ውሻ ቀለም እየመረጡ ያራባሉ፤ እህቴ ማታ ማታ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ የምታየው እሱን ነበር። "እኔም ምን እንደሚወጣ ማየት እፈልጋለሁ" አለችኝ በቃ። ከወራት በኋላ ስልኳን ሰጥታው የነበረው ያ የቢሾፍቱ ዘበኛ ደወለላት፤ ከዚያው ዘር የሆነች ቡኒ ሴት እባብ ይዞላት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አደረገቻቸው፣ እንቁላል መጣ፣ ተፈለፈለ። የወጡት ሁሉ ቡኒ ሆኑ። አንድም ነጭ የለም።

"ነጩማ ጠፋ" አልኳት። አዝኜላት ነበር።

"አልጠፋም። ተደብቋል። እነዚህ ሁሉ ከአባታቸው ወስደውታል፤ አይታይም እንጂ።" ትንንሾቹን አሳድጋ እርስ በርሳቸው እንደምታጋባቸው ነገረችን።

"እህትና ወንድም?" አለች እናቴ አማትባ። "እግዚኦ! በእኔ ቤት?"

እነሱ እስኪያድጉ ሰፈሩ እየፈረሰ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች ሄዱ፣ ቀጥሎ የእኛው መስመር ተራ ደረሰ። ለእኛም ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ወጣልን። ይህን የሰሙት አክስቴ፣ የወንድማቸውን ቤት ሳይፈርስ ለመጨረሻ ጊዜ ላየው ብለው አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። እናቴ ምሳ ልታቀርብ ስትል እህቴ ከክፍሏ ጮኸች።

"ኑ! ኑ! እየወጡ ነው!"

ሦስታችንም ሄድን። እህቴ ሳጥኑ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራትም። ከተቀደዱት እንቁላሎች ቡናማ ጭንቅላቶች ብቅ ብቅ ብለዋል። ከመካከላቸው አንዱ ግን ነጭ ነበር። ቆየት ብሎ ከጥግ በኩል ሌላ ነጭ ወጣ። አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከበሩ አልተነቃነቁም።

"የማን ልጆች ናቸው?" አሉ።

እህቴ በሌላ ሳጥን ያሉትን ሁለት ቡኒዎች አሳየቻቸው። "የእነዚህ።"

"እነዚህማ ጠይሞች ናቸው።"

"አዎ። ሁለቱም ግን በደማቸው ነበራቸው። ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን አይወጣም። ከሁለቱም መምጣት አለበት።"

"ከአባትም?"

"ከአባትም።"

አክስቴ እህቴን አዩ፤ እንደዚያ ትክ ብለው ሲያዩዋት አይቼ አላውቅም። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ወደ እናቴ ዞሩ።

"ሰማሽ?"

"እኔማ ያኔም አውቀው ነበር እትዬ" አለች እናቴ። "እባብ እስኪመሰክርልኝ አልጠበቅሁም።"

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አክስቴ ማልቀስ ጀመሩ። "ወንድሜ ይህን ሳይሰማ ሞተ።"

"ቢሰማስ? እኔ የነገርኩትን ያላመነ ሰው!" አለችና ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ብላ ወጣች።

አክስቴ ሲሄዱ እህቴን ጉንጯን ይዘው ሳሟት። መልሰው መላልሰው ሳሟት፤ መነጽሯ ወልቆ እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ፀሐይ ስትበርድ እኔና እህቴ በእግራችን ወደ መስቀል አደባባይ ወረድን። ፀሐይ ስለሚጎዳት ከልጅነታችን ጀምሮ የምንወጣው በዚያ ሰዓት ነው።

"እባቦቹን ያራባሽው ለእማዬ ብለሽ ነው አይደል?" አልኳት።

"ለእማዬ አይደለም። እማዬ እኮ ምንም አላስፈለጋትም፤ አየሃት። ለራሴ ነው።"

"አንቺማ ይሄንን ታስተምሪያለሽ።"

"ማስተማር ሌላ፣ ማመን ሌላ። ልጅ ሆኜ ሆቴሎቹ ጋ ስናልፍ ፈረንጆቹን አንድ በአንድ አይ ነበር። አንዱ ቆም ብሎ ልጄ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።"

እጇን ይዤ እየሄድኩ ያደግሁ ሰው፣ ይህን አላውቅም ነበር። ትከሻዋን አቀፍኳት። ቲያትር እንደሚያይ ሰው የአደባባዩ ደረጃዎች ላይ ተደርድረው የተቀመጡትን እያየን ብዙ ቆየን።

ኮንዶሚኒየም ስንገባ እባቦቹን አብዛኞቹን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለባዮሎጂ ክፍሉ ወሰዳቸው፤ ያ ከቢሾፍቱ የመጣው ነጩ ሽማግሌ እባብ ግን ከእኛ ጋር አራተኛ ፎቅ ወጣ። ዕቃ ስንፈታ እህቴ ከእናቴ ሻንጣ ሥር የአባታችንን ፎቶ አገኘች። መስኮቱ አጠገብ ወስዳ፣ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ስታየው ቆየች።

"ጆሮው የኔ ነው" አለች።

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና ሰማቻት። "ጆሮው ብቻ?" አለች፣ "ግትርነቱስ?"