ሁቃ የጠረገው ደን

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ቡቲዬ ውስጥ እንደ ሁቃ ንጽሕና የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ድርቁ ከብቱን ጨርሶ መሬቱን ራቁቱን ትቶት ሲሄድ፣ በፈረንጆቹ 2006 መሆኑ ነው፣ አንድ ድርጅት ከሞያሌ መውጫ ላይ ሰፊ ቦታ አጠረና ችግኝ ተከለ። ሁቃን ደግሞ አስካሪ አደረገው። አስካሪ እኛ ጋ ዘበኛ ማለት ነው፤ እሱ ግን ሚኒስትር የተሾመ መሰለው። ኮፍያና ፊሽካ ተሰጠው። ትናንት ዞር ብሎ ያላየው ሰፈር ዛሬ በአክብሮት «ምዜ»፣ አባታችን እንደማለት፣ ይለው ጀመር። ኮፍያውን ሲበላ እንኳ አያወልቅም ነበር።

የታዘዘው ቦታውን በደንብ እንዲይዝ ነው። በደንብ መያዝ ደግሞ ሁቃ ባደገበት ግቢ መጥረግ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በየማለዳው መጥረጊያውን ይዞ ይገባል። ያልተተከለ ነገር ብቅ ካለ ይነቅላል፣ ቅጠል ይለቅማል፣ ሾልከው የገቡ ፍየሎች የጣሉትን በጠጥ ይጠርጋል። ሁሉንም ከአጥሩ ውጭ ይደፋዋል። ችግኞቹም ሥሮቻቸውን ፀሐይ እየጠበሳቸው በሰልፍ እንደቆሙ ደረቁ። ሁቃ እነሱንም ጠረጋቸው።

የተደፋውን ቆሻሻ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ዝናቡ ሲመለስ መጀመሪያ ኩርንችት አለበሰው። ኩርንችቱ አፈሩን ሲይዝለት ሣር መጣ። ከበጠጡ መሃል ግራር በቀለ፤ ዙሪያው እሾህ ስለሆነ ፍየል አልደፈረውም። ከዚያ ወፎች ሌላ ዘር ይዘው መጡ። ድንበሩ ተዘግቶ ሲከፈት ሞያሌም እንዲሁ ናት፤ መጀመሪያ ሻይ ሻጯ፣ ቀጥሎ ባለሞተሩ ቦዳቦዳ፣ ከዚያ ሱቁ፣ ሁሉም ከሞቀ በኋላ ቀረጥ ሰብሳቢው።

በሦስተኛው ዓመት ከናይሮቢ ሜርሲ የምትባል ኃላፊ ልትጎበኝ እንደምትመጣ ተነገረ። ቦታው ካልለማ ዘበኝነቱ ያበቃል። ሁቃ የጨነቀው ከደሞዙ ይልቅ ኮፍያው ነበር፤ ያለ እሱ ማን «ምዜ» ይለዋል? እኔ ራሴ አሳዘነኝ።

መላውን ያመጣችው ሚስቱ፣ የልጁ የጎሊቻ እናት አሻ ናት።

«አባ ጎሊቻ፣ ደኑ እኮ አለ። ቦታውን የሳተው አጥሩ ነው።»

«እኔ የደፋሁት ቆሻሻ እኮ ነው!»

«ታዲያ ይህንን ለናይሮቢ ማን ነገራት?»

ጎረቤት ተጠራ፤ አጥሩ ተነቅሎ በቆሻሻው ዙሪያ ተተከለ። እኔም ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ።

ሜርሲ መጣች። ሣሩን፣ ግራሩን፣ የወፎቹን ጎጆ አየች፤ ደስታዋ ከልብ ነበር።

«ምዜ፣ ምን አድርገውለት ነው እንዲህ የለማው?»

በእኛ ወግ የተመሰገነ ሰው ምስጋናውን ወዲያው አይቀበልም። መጀመሪያ አይሆንም ይላል፣ ይለመናል፣ ከዚያ እየተግደረደረ ይቀበላል። ሁቃ ኮፍያውን አስተካክሎ አቀረቀረ።

«ሀፓና፣ የለም፣ ምንም አላደረግኩም።»

«ምንም?»

«ዋላሂ ምንም! ራሱ ነው የበቀለው።»

ብሎ እስክትለምነው ጠበቀ።

ሜርሲ ግን የሌላ ወግ ሰው ናት፤ አመነችው። መሬቱ በራሱ ከዳነ ዘበኛ እንደማያስፈልገው ነግራ እጁን ጨበጠችው። ኮፍያውም የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ በትሕትና ተቀበለችው። ሁቃን ካወቅኩት ጀምሮ ስለ ሥራው እውነቱን ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነበር፤ እሱንም ለወግ ብሎ ነው።

አሁን ያ ሲጠርገው የኖረው ቦታ፣ መጥረጊያው ከቀረለት ወዲህ፣ ኩርንችት ማብቀል ጀምሯል። ሁቃ በዚያ ባለፈ ቁጥር እጁን ይበላዋል። ከዚያ ባዶ ራሱን እያከከ፣ «አንዴ እንኳ ብትለምነኝ ምን ነበረበት!» ይላል።