የደረቅ ሎሚ ዘር

ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ደረቅ ሎሚ የምትሸጥ ኻድራ የምትባል ሴት አለች። ሎሚው ከጠረፏ ከተማ ከቶጎጫሌ በጆንያ የሚመጣ፣ ደርቆና ጠቁሮ ከሰል የመሰለ ነው። ኻድራ አንድም ገዢ ሳትመክር አትሸኝም። "ሰንጥቂውና ዘሩን አውጪ፤ አለዚያ ሩዝሽን ያመረዋል" ትላለች። ላልጠየቃትም ትናገራለች፣ ትናንት ለነገረችውም ትደግማለች። የገበያ ሰው መቼም ስም ማውጣት አያቅተውምና "ኻድራ ዘሩን" ይላታል። ስቃ ታልፈዋለች። ያንን ምክር ለአንዲት ሴት በጊዜው ሰጥታት ቢሆን ኖሮ ግን፣ ዛሬ ጆንያ ተደግፋ ባልተቀመጠች።

የወጥ ቤት ሙያውን ያገኘችው ኦማን አገር ሰው ቤት ስታበስል ነው። ስትመለስ ጅግጅጋ ላይ ስድስት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ከፈተች። በደረቅ ሎሚ መረቅ የበሰለ የፍየል ሩዟ ሙዝ ከጎኑ ተደርጎለት ሲቀርብ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩም የቢሮ ሰውም ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ፀጋ መጣች። ባሏ ትግሉ መምህር ሆኖ ሲመደብ ተከትላው የመጣች ወጣት ናት። ዕቃ አጣቢ ሆና ገብታ በሦስት ወሯ ለማብሰል ምድጃው ጋ ደረሰች። ችግሩ ክርስቲያን ናት፤ የሙስሊም ሥጋ አትበላም፣ በመረቁ የበሰለውን ሩዝም አትቀምስም። ኻድራም ይህን አክብራ ምስሯን ለብቻ ታሠራላት ነበር። እንዲህ ሆኖ ፀጋ ያንን ሩዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣዕሙን ሳታውቀው አበሰለችው። መጣፈጡን የምታውቀው ተጠርጎ ከሚመለሰው ሳህን ብቻ ነው።

ሎሚውን የምታሰናዳው ኻድራ ራሷ ነበረች። ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ እያንዳንዱን ሰንጥቃ ዘሩን ትለቅማለች። ፀጋ ስትደርስ ሎሚው ድስቱ ውስጥ ገብቶ ይንሳፈፋል።

ትግሉ ወደ ቶጎጫሌ ሲዛወር ፀጋ ለጉምሩክ ሠራተኞችና ለሾፌሮች የራሷን ምግብ ቤት ልትከፍት ተነሳች። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

"እትዬ ኻድራ፣ አንድ በአንድ ይንገሩኝ።"

ኻድራ ነገረቻት። ለአንድ ድስት ስንት ሎሚ እንደሚገባ፣ ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደሚቁላላ፣ ሩዙ መቼ እንደሚጨመር፣ አልሰሰተችም። ዘሩ ጋ ስትደርስ ምላሷ ተያዘ። ሾፌሩ ቶጎጫሌ ላይ ጠግቦ ከመጣ እኔ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይቆማል ስትል አሰበች። ሙያ በልብ ነው፤ ይህን ተረት ያስተማረቻትም ፀጋ ራሷ ነበረች።

"የቀረ ነገር አለ?" አለች ፀጋ።

"ወላሂ የለም።"

ፀጋ ቤቷን ከፍታ፣ በክርስቲያን የታረደ ሥጋ ገዝታ፣ ሩዙን አብስላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰችው። መረራት። ጣዕሙን ቀድሞ የት ታውቀዋለች? የዚህ አገር ሰው የሚወደው እንዲህ ነው ብላ አቀረበችው። የበላው ሁሉ አልተመለሰም። በስምንተኛው ወር በሩን ዘጋች። ወሬው ጅግጅጋ ሲደርስ ኻድራ "ምስኪን!" አለች፤ በሆዷ ግን ትንሽ ደስ ብሏት ነበር። ይህንንም ዛሬ የምትናገረው ራሷ ናት፣ ሌላ ሰው አላማትም።

በ2013 ኮሮና ኻድራን አልጋ ላይ ጣላት። ትኩሳቱ ሲተዋት ጣዕሙም ሽታውም አብሮ ሄደ። ለሌላው በወሩ ሲመለስለት የእሷ ቀረ። አንድ ቀን ጨው ይበዛል፣ አንድ ቀን ሩዙ ሲያር አይሸታትም። ያፈረ ደንበኛ ዝም ብሎ ቀረ፣ ያላፈረው ነገራት። ሁለት ወጥ ቤቶች ቀጥራ አሰናበተች። ቤቱን የሚያድነው የፀጋ እጅ ብቻ እንደሆነ ገባት። ያን ጊዜ ፀጋ እዚያው ሶማሌ ክልል፣ ደምበል ወረዳ ለመምህራን ታበስል ነበር።

ኻድራ አንድ ፌስታል ደረቅ ሎሚ ይዛ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ንግግሯን ስታሰናዳ ነበር፤ መጀመሪያ ስለ ዘሩ፣ ቀጥሎ ስለ ምላሷ፣ በመጨረሻ አብረሽኝ ነይ ልትላት።

ፀጋ እንደ እናት ስማ ተቀበለቻት። ምሳ ሲደርስ በደረቅ ሎሚ የበሰለ ሩዝ አቀረበች። "አይስጉ፣ ሥጋ የለውም፤ ድስቱም አዲስ ነው" አለች።

ኻድራ ሩዙ ላይ ያለውን ሎሚ በጣቷ ፈለጥ አደረገችው። ውስጡ ባዶ ነው፤ አንዲትም ዘር የለችበትም። መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። እሷ ግን ጎረሰች።

"እንዴት ነው?" አለች ፀጋ።

"እጅ ያስቆረጥማል! ወላሂ በልጠሽኛል።"

ፀጋ ደስ ብሏት እሷም ጎረሰች። ከዚያ ማላመጡን አቆመች።

"እትዬ ኻድራ፣ ጨው ረስቻለሁ እኮ።"

ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም። ኻድራ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣችው፤ የበሽታውን፣ የባዶ ጠረጴዛዎቹን፣ የዘሩን ነገር፣ አብረሽኝ ነይ ማለቱም ሳይቀር። ፀጋ አቀርቅራ ሰማቻት።

"ዘሩን ደርሼበታለሁ" አለች። "ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን ይመጣሉ፣ ይነግሩኛል እያልኩ ስጠብቅ ነበር። ምላስዎ ባይጠፋ ይመጡ ነበር?"

"እመጣ ነበር" ማለት ቀላል ነበር። ያኔ የቀረ ነገር የለም ማለትም ቀላል ነበር። ኻድራ እጇ ላይ የተጣበቀውን ሩዝ አየች።

"አልመጣም ነበር" አለች።

"እኔም አልመጣም፣ እትዬ። ቂም ይዤ አይደለም። አንዴ አምኜዎት ሄጄ ነበር፤ ሁለተኛ ልቤ አይችልም።"

ተነስታ ጨው አመጣች። በውሃ በጥብጣ ረጨችበት፣ አማሰለችው፣ ቀመሰችው፤ ትንሽ ጨምራ እንደገና ቀመሰችው።

"አሁን ሆኗል። ይብሉ።"

ይሁን አይሁን ኻድራ የምታውቅበት መንገድ የላትም። የፀጋን ቃል አምና ጎረሰች። ያኔ ፀጋም ደብተሯን ይዛ ስትሄድ፣ እንዲሁ ሳትቀምስ ነበር ያመነቻት።