አፏን የፈታችው በዳማ ነው

ሰሞኑን ባለሱቁ በሩ ላይ ቆርኪ ከጆንያ ሲደፋ ሰማሁ። ያ መንኳኳቱና ከዝገት ጋር የተደባለቀው የለስላሳ ሽታ እግሬን ያዘው። ዳቦ ልገዛ የወጣሁ ሴት ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ገና ወጣት እናት ነበርኩ። አዳማ የተከራየነው ቤት ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ ነበር፤ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ ሁላችንም እሱ ሥር እንሸሻለን። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከአርሲ ነገሌ መጥተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን እህል ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛቸው እንደ ውሃ ይፈሳል፣ አማርኛቸው ግን ጥቂት ነበር።

የመጀመሪያ ልጄ አራተኛ ዓመቷን ይዛ አንድ ቃል አልወጣትም። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ በጣቷ ታሳያለች፤ ቃል ግን የለም። መዋዕለ ሕፃናት ብወስዳት መምህሯ በደግነት፣ "አፏን ስትፈታ አምጪያት" ብላ መለሰችኝ። እኔ ደግሞ ፍርሃት ሲይዘኝ ልክ የለኝም። እንዲህ ሆና ትቀራለች ብዬ እህል አልበላ አለኝ።

ጎረቤታችን፣ "አንቺ፣ ልጅቷን በሁለት ቋንቋ አናወዛችኋት እኮ! አንዱን ያዙላት" አለችኝ። ሌሎቹም እንደዚያው አሉ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝና የሚያውቁ መስሎኝ ተቀበልኩ። አማቴን ለመንኳቸው።

"አባባ፣ እባክዎ፣ ለጊዜው በአማርኛ ብቻ ያናግሯት።"

"እሺ ልጄ" አሉ። "ለእሷ ከበጀ፣ እሺ።"

እሺ ብለው ዝም አሉ። በዚያች አማርኛቸው ከሕፃን ጋር መጫወት አልሆነላቸውም። ተረቱ ቆመ፣ እንጉርጉሮው ቆመ። በምትኩ ካርቶን ላይ በከሰል ዳማ አሰመሩ፤ ቆርኪ ለቅመው የእሷን በሆዱ፣ የራሳቸውን በጀርባው ደረደሩ። እጇን ይዘው እያንቀሳቀሱ አስተማሯት። እኔ ልብስ እያጠብኩ ዓይኔ ከቆርኪው አይነሳም። ትውጠዋለች ብዬ በየመሀሉ "አፍሽን ክፈቺ" እላታለሁ። ኋላ ኋላማ ገና ስታየኝ ራሷ ትከፍትልኝ ጀመር።

"አትፍሪ" ይሉኛል አማቴ እየሳቁ። "ይቺ የምትጨርሰው የእኔን ወታደር ነው!"

ዳማ ያለ ለከፋ አይሆንም። የሰፈሩ ወንዶች ሲጫወቱ ጩኸታቸው መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። እነዚህ ሁለቱ ግን እንደ ዳኛ ጸጥ ብለው ነበር የሚጫወቱት። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ጨዋታው ሲይዛቸው፣ አማቴ የእሷን ቆርኪ ዘለው ሲያነሱ "ኛዼ!" ያመልጣቸዋል። በላሁ ማለት ነው። ወዲያው ወደ እኔ ያዩና አፋቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ያነሳ ነበር። አማቴ ካርቶኑ እንዳይገለበጥ በጉልበታቸው ተጭነውታል። ልጄ አንዷን ቆርኪ አነሳች። በአንዱ ላይ ዘለለች፣ በሌላው ላይ ዘለለች፣ ሁለቱንም ጠራርጋ ጨበጠች። ከዚያ ቀና አለች።

"ኛዼ፣ አካኮ!"

በላሁ፣ አያቴ!

ከነሳሙናው እጄ ብድግ አልኩ። አማቴ ያዩት እሷን ሳይሆን እኔን ነው።

"እኔ አላስተማርኩም፣ ልጄ" አሉ እየተርበተበቱ። "አምልጦኝ ነው እንጂ . . ."

"አባባ" አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። "ያዋሯት። በፈለጉት ያዋሯት።"

በኦሮምኛ ጀመሩ፤ እስኪመሽ አላቆሙም። እሷም ከሥር ከሥር ትላለች። ግማሹ አይገባኝም ነበር፤ ቢሆንም የታጠበውን ሳላሰጣ ተቀምጬ ሰማሁ። ብዙም ሳይቆይ አማርኛውም ተከትሎ መጣ። ዛሬ ዝም በይ ብትባል የምትሰማ አይደለችም።

አማቴ ባለፈው ክረምት አረፉ። ዘመዶቻቸው ከአርሲ ነገሌ ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ እኔ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ በሩ ላይ ግራ ገባኝ። ልጄ ቀድማኝ ወጣች። የሁሉንም እጅ እየሳመች አስቀመጠቻቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጣም ስለ አያቷ የመጨረሻ ቀኖች አጫወተቻቸው። አንዲት አሮጊት አገጯን ይዘው ብዙ አዩዋት። ከዚያ ወደ ጎናቸው ዞር ብለው በኦሮምኛ፣ "አነጋገሯ ቁርጥ እሱን ነው" አሉ።

ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ።