ሰው የሚያባብል ጭራቅ

«ጭራቅ ሰው አያባብልም!» አለ አለቃው እጁን እያወናጨፈ። «ስንት ጊዜ ልንገርህ? ብቅ ትላለህ፣ ትጮሃለህ፣ ወደ ቁምሳጥንህ ትመለሳለህ። አለቀ።»

«ልጁ ወደቀ እኮ» አለ ጭራቁ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ደም አለ።»

«ደም ለማየት አይደል እንዴ ከፍለው የሚመጡት? ባለፈው ለዚያች ልጅ ውሃ አመጣህላት። ውሃ! ከሲኦል ውስጥ ውሃ!»

የወደቀው ልጅ እኔ ነበርኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ተዋናዮቹ ልብስ በሚቀይሩባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን በወረቀት ፎጣ ይዣለሁ። የሚጨቃጨቁት በኔ ምክንያት መሆኑ ቢገባኝም የት እንደምገባ አላወቅኩም።

ቦታው አሜሪካ ውስጥ በርባንክ የሚባል ከተማ ነው። አሜሪካኖች የኦክቶበር ወር ሲመጣ ባዶ መጋዘን ይከራዩና ጥቁር መጋረጃ ጋርደው፣ ሰው ከፍሎ የሚደነግጥበት ቤት ያደርጉታል። ሆንትድ ሃውስ ይሉታል። ትኬቱን የሰጠኝ የኛ ሰው በሚበዛበት ፌርፋክስ ላይ ሳህን የማጥብበት ምግብ ቤት ደንበኛ ነበር። ትኬቱ ለሁለት ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ሰው አልነበረኝም። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፤ ባንድ አልጋ ተራ በተራ እየተኛን፣ እሱ መኖሩን የማውቀው ትራሱን ሞቆ ሳገኘው ነበር። ያኔ ግጥም እሞክር ነበር። የሚሰማኝ ስላልነበረ አውቶቡስ ውስጥ ለራሴ በልቤ አነበንበዋለሁ። በር ላይ የቆመችው ልጅ ትኬቴን አይታ «ሌላውስ?» ስትለኝ፣ «መኪና ፓርክ እያደረገ ነው» አልኳትና ገባሁ።

ውጭ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ውስጡ ግን ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ከፊቴ የገቡ ጥንዶች ተቃቅፈው ይጮሃሉ፣ መልሰው ይስቃሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ደንግጬ ሁለቱንም ጊዜ ዋጥኩት። ብቻውን ሆኖ የሚጮህ ሰው እብድ ይመስላል። ወደ መጨረሻው ግድም ቁምሳጥን ብርግድ አለና ፀጉሩ እስከ ወገቡ የወረደ ጭራቅ ዘሎ መጣብኝ። ወደ ኋላ ስሸሽ አንድ ነገር ጠልፎኝ በጉልበቴ ወደቅኩ።

«እኔን! እኔን!» አለ ጭራቁ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ!»

የጀመርኩት በስመ አብ አፌ ላይ ቀረ። አሜሪካ ከገባሁ ሰው «እኔን» ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ከጭራቅ አፍ መውጣቱን ያሰብኩት ቆይቼ ነው። በብብቴ ገብቶ አነሣኝና እየደገፈኝ ስንሄድ ከኋላችን የደረሱት ጎረምሶች አዩን። ጭራቅ ሰው አቅፎ እያስታመመ! መሬት ላይ ወድቀው ሳቁ። አለቃውን ያሳበደውም ይኸው ሳቅ ነው።

«ዛሬ ካፍህ ከጩኸት ሌላ አንድ ቃል ብሰማ» አለው አለቃው በመጨረሻ፣ «ነገ እንዳትመጣ።» መጋረጃውን ገልጦ ሄደ።

ጭራቁ ጭምብሉን አወለቀ። ሃምሳን የተጠጋ፣ ጢሙ ገብስማ የሆነ፣ ላብ ያጠመቀው የኛ ሰው ነው። እግሬ ሳያማክረኝ ተነሣሁ።

«ኧረ በአላህ! ተቀመጥ! በዚህ ጉልበትህ?»

«ምንም አልሆንኩም ጋሼ። አለቃዎን አስቆጣሁብዎት።»

«እሱ እንደሆነ ሁልጊዜም ቁጡ ነው። ተቀመጥ አልኩህ! የየት ነህ?»

«ፌርፋክስ ነው የምኖረው።»

«መኖሪያህን ማን ጠየቀህ?»

«የጉለሌ ልጅ ነኝ።»

«እኔ ደሴ። ብቻህን ነው እንዴ የመጣኸው?»

«ጓደኛዬ ፓርክ እያደረገ ነው።»

«እስካሁን?» አለና አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አስተካከለ።

ጥግ ላይ ፊቷን አረንጓዴ የተቀባች ጠንቋይ ፒዛ ትበላለች። የአሜሪካ ጥቁሮች ከሚበዙበት ሰፈር፣ ከክሬንሾው የምትመጣ ግዙፍ ሴት ናት። ከፒዛው ቁራጭ በሳህን አንሥታ ወደ እሱ ገፋችለት። «አሳማ የለበትም፣ ፖፕስ። አይቼልሃለሁ።» ፖፕስ በነሱ የቀልድ አጠራር አባባ እንደ ማለት ነው።

«አየሃት?» አለኝ እየጎረሰ። «በየቀኑ እንዲህ ናት። ቀን ቫን ናይስ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው። ቁጭ የምልባት ሳጥን መስኮቷ ይህችን ሳህን ታክላለች። እጅ ይገባል፣ ቲኬት ያቀብላል፣ እጅ ይወጣል። በአላህ ስም፣ ከዚያ እጅ ላይ ያለውን ፊት አላየሁትም፤ እሱም የኔን አያይም። እዚህ ደግሞ ይኸው፣ ሰው አይቶኝ ነው የሚጮኸው! ብሬክ ሲሆን ከነዚህ ጋር እበላለሁ። ወሩ ሲያልቅ ያልቃል፣ አውቃለሁ። እስኪያልቅ ግን ይህ ሰውዬ ፋየር አድርጎ እንዳያባርረኝ ነው የምፈልገው። ሶ፣ አፌን መዝጋት አለብኝ።»

ከዚህ ሰው ተለይቼ ወደዚያ ሙቅ ትራስ መመለስ ከበደኝ።

«ጋሼ፣ እስኪጨርሱ ልጠብቅዎት? ፌርፋክስ ሄደን አንድ ነገር እንቀምሳለን።»

ፊቱ በራ። «ጠብቀኛ! መኪና አለኝ፣ አደርስሃለሁ። እዚሁ ቁጭ በል።»

ጠንቋይዋ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ፖፕስ፣ ሰዎቹ ሊገቡ ነው። ጩኸትህን እንስማው።»

ጭምብሉን አጠለቀ። ጸጉራም ጓንቱንም እጁ ላይ አደረገ። በጭምብሉ ሁለት ቀዳዳዎች ወደኔ አየና ጮኸ። የወጣው ግን ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል እንግዳ ድምፅ ነበር። ጠንቋይዋ ሳቀች። ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው፤ ባሰበት። እንዳላየው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ዞሬያለሁ ጋሼ። እኔ እንደሌለሁ ያድርጉት።»

ሦስተኛው ሙከራ ሳል ሆኖ ቀረ። ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋው።

«ይኸውልህ፣ ጋሼ እያልከኝ እንዴት ብዬ እንደ ጅብ ልጩህ? ተነሥተህልኝ! እዚህ ቤት ማንም ተነሥቶልኝ አያውቅም። ስትነሣልኝ ትልቅ ሰው ሆኜ አረፍኩት።»

ቢቸግረኝ «ይቅርታ ጋሼ» አልኩ፤ እንደገና ጋሼ።

አለቃው በመጋረጃው ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ «ዝግጁ ነህ?» አለ።

«ኦኬ፣ ኦኬ» አለው። አንገቱ እስኪመለስ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ሂድልኝ።»

«ውጭ ልጠብቅዎት?»

«አትጠብቀኝ። ደጅ ቆመህ እንደምትሰማኝ ካወቅኩ ያው ነው።»

«ሌላ ቀንስ? ቫን ናይስ ልምጣ?»

«ፌርፋክስ ላይ ካገኘኸኝ ሰላም በለኝ። ከየት እንደምታውቀኝ ግን አታንሣ። ጁምዓ አብረውኝ የሚሰግዱት ፊልም ስቱዲዮ የምሠራ ነው የሚመስላቸው። ጋኔን ሆኖ ያመሻል ቢባል፣ ማን አጠገቤ ይቆማል?»

«አልናገርም።»

ጉልበቴ አሁንም እየደማ ነው ልለው አሰብኩ። የወረቀት ፎጣውን ሳነሣው ደሙ ቆሟል፤ እሱም አይቶታል። የቆመ ደም እንዲህ ያናድዳል ብዬ አላውቅም ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ የሚመጡት ሰዎች ሳቅ ተሰማ፤ ብዙ ናቸው፤ እየተገፋፉ ይመጣሉ። ጠንቋይዋ ባርኔጣዋን ደፍታ ሄደች። እሱ አልሄደም፤ እኔን እየጠበቀ ነው።

ተነሣሁ። እጄን ዘረጋሁለት። ጓንቱን ሊያወልቅ ሲታገል «ግዴለም» አልኩትና ጸጉራሙን ጓንት እንዳለ ጨበጥኩ።

በጓሮ በኩል ያለውን የብረት በር ከፈተልኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ዞር ስል ጭምብሉን አጥልቆ ነበር፤ ከስሩ ምን ዓይነት ፊት እንዳለ አይታወቅም። ደህና ያምሹ ልል አፌን ስከፍት በጓንቱ ሂድ፣ ሂድ አለኝ። ደረጃውን ወረድኩ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።