አንድ ጆሮ የጎደላት አህያ

ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ስፈትን የኖርኩ ሰው ነኝ። የሥነ ልቦና ፈተና ይጠቅማል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ይጠቅማል እላለሁ። ግን መጀመሪያ እኔና ወንድሜ የተፈተንንበትን ቀን አወራለታለሁ።

አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን ነው። ረሃቡ አባትና እናታችንን ወስዶብን ከአቀስታ ደጋ ተነስተን መካነ ሰላም መጠለያ ገብተናል። እኔ አሥራ ሁለት፣ ወንድሜ ሰባት ዓመቱ ነው። በወሬ ግን እሱ ይበልጠኛል።

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር ከተላኩት ዘማቾች አንዱ መጣ። ፀጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ከታች መንገድ የሚጠርግ። ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁ አለን። ደሴ ያለ የሕፃናት ማሳደጊያ ልጆች ሊወስድ ነው፤ ትምህርት ቤትም አለው። የሚወስደው ግን አእምሯቸው ፈጣን የሆኑትን ብቻ ነው። ዘማቹ ሥዕል ያሳያል፣ ልጁ የጎደለውን ይናገራል፤ ፈተናው ይኸው ነው።

እኔማ ለቀም ለቀም አደረግኩት። የላሚቱን ጭራ፣ የማንቆርቆሪያውን እጀታ፣ የጠረጴዛውን እግር። "አልፈሻል!" አለኝ።

ወንድሜ ገባ፤ እኔም እዚያው አጠገቡ ቆምኩ። አንድ ጆሮ የሌላት አህያ አሳየው።

"ማሻአላህ! ታምራለች" አለ ወንድሜ ሆዬ። ክርስቲያኖች ነን፤ ግን በእኛ አገር ማሻአላህ የማይል ማን አለ?

ሦስት እግር ያለው በሬ አሳየው። "እግዜር ይማረው፣ ጎበዝ በሬ ነው" አለ።

ዘማቹ "አእምሮው ዘገምተኛ" ብሎ ጻፈ። "አንቺ ትሄጃለሽ፣ እሱ እዚሁ ይቆያል" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ከቤት ከወጣን ጀምሮ የዚህን ልጅ እጅ ለቅቄ አላውቅም!

"ጋሼ፣ ቂል አይደለም፣ ጨዋ ነው እንጂ! እናታችን እንግዳ ባሳየው ነገር ላይ እንከን ማውጣት ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችን። ሥዕሉ የእርስዎ ነው፤ እንዴት አድርጎ ጎዶሎ ነው ይበልዎት? እሱ ካልሄደ እኔም የለሁበትም።"

ዘማቹ አፍሮውን አከክ አከክ አደረገ። ደግነቱ ግትር አልነበረም። ወንድሜን መልሶ ጠራና "ስማኝ ማሙሽ፣ እነዚህን የሳለው ሰውዬ ተሳስቷል። ላርማቸው ነውና እርዳኝ" አለው።

ኧረ ጉድ! አፉን ከከፈተ ማን ያቁመው! አህያዋ ጆሮ፣ በሬው እግር፣ ላሚቱ ጭራ። "ይሄ ሰውዬ በሬ አይቶም አያውቅ" ብሎ ሠዓሊውን ወረደበት። ቀና ብሎም "እርስዎም ሸሚዝዎ ቁልፍ ጎድሎታል፣ ጋሼ" አለው። ዘማቹ ደረቱን ዳብሶ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም አብሬው።

የቀረው የጠረጴዛው ሥዕል ብቻ ነበር። አባት፣ እናት፣ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ ከበው እየበሉ ነው። ጠረጴዛው አንድ እግር የለውም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ይሄ ምን ያቅተዋል ብዬ ልቤ ዐረፈ።

ወንድሜ ሥዕሉን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። እግሩን እይ፣ እግሩን እይ እያልኩ በዓይኔ ጠቀስኩት፤ ቀናም አላለልኝ።

"እዚህስ ምን ጎደለ?" አለው ዘማቹ።

"እዚህ ምንም አልጎደለም ጋሼ" አለ። "ሁሉም አሉ።"

እናቴን ከቀበርን ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ያኔ አለቀስኩ። ዘማቹም ብዕሩን አነሳና ሁለታችንንም አልፈዋል ብሎ ጻፈን።